ዴልሂን በጥቂት ቀን፦ ቦታ ቀንሱ፣ ሰዓት አትቀንሱ

(በአዲስ አበባ በአንድ የተጓዦች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር። ለንባብ ሲባል በጥቂቱ ብቻ ተስተካክሏል።)

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ዝናብ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ።

እስቲ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዴልሂን የረገጠ ሰው እጁን ያውጣ። እጅግ ብዙ ናችሁ! አሁን ደግሞ «አገር ለማየት ብዬ ነው የሄድኩት» የሚል ብቻ እጁን ያቆይ፤ ሌሎቻችሁ አውርዱ። አያችሁ? ጥቂት እጅ ቀረ።

የእኛ ነገር ይኸው ነው። ዴልሂ የምንሄደው ታመን ነው። ወይም የታመመ ሰው ይዘን ነው። ወይም ለአጭር ስልጠና ተልከን፣ ወይም ዕቃ ልንገዛ ነው። ጉዳያችንን ጨርሰን፣ ሐኪሙ የሰጠንን ወረቀት በእጃችን ይዘን እንመለሳለን። «ዴልሂ እንዴት ናት?» ስንባል ስለ ሙቀቱና ስለ መኪናው ጡሩምባ እናወራለን። እንዲህ ያለ ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ገብተን የሆስፒታል ኮሪደር ብቻ አይተን ወጣን ማለት ነው። ይህ ይቆጨኛል። በእውነት ይቆጨኛል።

በተለይ አስታማሚዎች፣ ይህ ንግግር የእናንተ ነው። አስታማሚ ከታማሚው አጠገብ ተነሥቶ ከተማ ማየት ነውር ይመስለዋል። እኔም አክስቴን ይዤ በሄድኩ ጊዜ ከአልጋዋ አጠገብ አልንቀሳቀስ ብዬ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ትኩር ብላ አየችኝና «አንተ ልጅ፣ ፊቴ ተቀምጠህ እንዲህ ስታየኝ በሽታዬን ታስታውሰኛለህ። ውጣና የሆነ ነገር አይተህ ና፤ ማታ ትነግረኛለህ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ማታ ማታ ያየሁትን እየነገርኳት ነው ከሆስፒታሉ የወጣነው። ታማሚውም ከመድኃኒት ስም ሌላ ወሬ ያስፈልገዋል።

ዛሬ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ጊዜ ሲያጥር እንዴት እንደምንመርጥ። ሁለተኛ፣ እኔ የመረጥኳቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ። ሦስተኛ፣ ቀናችሁን እንዳያበላሹባችሁ የምትጠነቀቋቸውን ጥቃቅን ነገሮች። ዓመተ ምሕረቱንም ቀኑንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እንዳንምታታ።

ወደ አንደኛው ልግባ።

ዴልሂ ውስጥ በየእንግዳ ማረፊያው በር ላይ የአንድ ቀን ጉብኝት የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ወረቀቱ ላይ አሥር አሥራ ሁለት ቦታ ይደረደራል። ዋጋው ርካሽ ነው። አንድ ጊዜ ከሌሎች አስታማሚዎች ጋር ሆነን ሄድንበት። አውቶቡሱ ይቆማል፣ «ሃያ ደቂቃ!» ይባላል፣ ወርደን ፎቶ እንነሳለን፣ እንሮጣለን። በመካከሉ ደግሞ ምንጣፍ ሱቅ ይወስዱናል፤ እዚያ ሲሆን ጊዜው ሞልቶ ተርፏል። ማታ ማረፊያችን ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ አብረውን የነበሩ አንድ አባት ስልካቸውን እያገላበጡ «ይሄ ቀዩ መቃብሩ ነው ወይስ ቤተ መንግሥቱ?» ብለው ጠየቁ። ከመካከላችን በእርግጠኝነት የመለሰ ጥቂት ሰው ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባል የለ?

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ ቦታ ቀንሱ፣ ሰዓት አትቀንሱ። በግማሽ ቀን አንድ ቦታ። አንድ ቀን ካላችሁ ሁለት ቦታ፣ ሁለት ቀን ካላችሁ ሦስት ወይም አራት። አልቋል። ቅደም ተከተሉን ደግሞ በዕድሜያቸው አድርጉት። ከጥንቱ ጀምራችሁ ወደ ቅርቡ ኑ።

ለምን በዕድሜ? ዴልሂ አንዴ ተቆርቁራ ያደገች ከተማ አይደለችም። ገዢ በመጣ ቁጥር ከቀድሞው ከተማ አጠገብ የራሱን ከተማ ሠርቷል። ነዋሪዎቿ «ሰባቱ የዴልሂ ከተሞች» ይላሉ። በደቡብ በኩል ሚህራውሊ የሚባለው ሰፈር ከሁሉ ይቀድማል። በሰሜን ያለው፣ ሻህ ጃሃን የተባለው ንጉሥ የሠራው ከተማ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዞች የሠሩት አዲሱ ዴልሂ በመካከላቸው ነው። ይህን ሳታውቁ ከሄዳችሁ ሁሉም «ቀይ ድንጋይ» ነው የሚሆንባችሁ። ካወቃችሁ ግን እያንዳንዱ ገዢ ከቀድሞው ምን እንደወሰደ፣ ምን እንዳፈረሰ ታያላችሁ።

አሁን ወደ ቦታዎቹ።

መጀመሪያ ቁጥብ ሚናር ሂዱ። በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ሚናሩ፣ ማለትም የመስጊድ ማማው፣ 73 ሜትር ገደማ ቁመት አለው። ቁጥቡዲን አይባክ የተባለው ገዢ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አስጀመረው፤ ተተኪው ኢልቱትሚሽ አስጨረሰው። በእኛ አገር ያን ጊዜ ንጉሥ ላሊበላ ዙፋን ላይ ነበሩ። እስቲ አስቡት! ሮሃ ላይ ዓለት ወደ ታች ሲፈለፈል፣ ዴልሂ ላይ ድንጋይ ወደ ሰማይ ይደረደር ነበር።

ከታች ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ እዩ። አምስት ፎቅ አለው። የታችኞቹ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ናቸው። ላይኛዎቹ ላይ ነጭ እብነ በረድ ይታያል። ለምን ተለየ? በ14ኛው ክፍለ ዘመን መብረቅ ጫፉን መታው፤ ፊሩዝ ሻህ የሚባለው ሱልጣን ሲያስጠግነው በዘመኑ እጅ ነው ያስጠገነው። ውስጡ 379 ደረጃ አለ። ዛሬ ግን መውጣት አይፈቀድም። በ1981 ሰዎች ውስጥ እያሉ መብራት ጠፍቶ በተፈጠረው መረጋገጥ 45 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ተዘጋ።

ከሚናሩ ሥር ያለውን መስጊድ ዘልላችሁ አትለፉ። ዓምዶቹን ቀርባችሁ እዩ። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ራሱ ከ27 የሂንዱና የጄይን ቤተ መቅደሶች በመጣ ድንጋይ እንደተሠራ ይናገራል። ደወልና ሰንሰለት ተቀርጾባቸዋል፤ ፊታቸው የተፋቀ ምስሎችም አሉ። ጥበቡ ዓይን አያስነቅልም፤ የሆነውን ሲያስቡት ደግሞ ልብ ይከብዳል። ሁለቱንም አብራችሁ ያዙት። ስለ ዴልሂ እውነቱን የሚናገረው ይህ ግቢ ነው።

መካከሉ ላይ የብረት ዓምድ ቆሟል። ከ7 ሜትር በላይ ነው፤ ከ6 ቶን በላይ ይመዝናል። 1600 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ በዝናብና በፀሐይ ውስጥ ዝገት አልበላውም። የብረት ባለሙያዎች እንዳስረዱት ብረቱ ውስጥ ብዙ ፎስፈረስ አለ፤ እሱ ላዩ ላይ ስስ መከላከያ ሽፋን ፈጥሮለታል። ዴልሂ ተማሪ ሳለሁ ሰው ሁሉ ጀርባውን ለዓምዱ ሰጥቶ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አዙሮ ለማቀፍ ይሞክር ነበር። ጣቶቹ ከተገናኙለት ዕድለኛ ነው ይባላል። የእጅ ላብ ስለጎዳው በ1997 አጠሩት። አሁን ከአጥሩ ውጭ ሆናችሁ ታያላችሁ፤ እንኳንም አጠሩት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እዚያው ግቢ ጥግ ላይ የኢልቱትሚሽ መካነ መቃብር አለ። እዚያ ስትቆሙ አንድ የእኛ ሰው እንድታስታውሱ እፈልጋለሁ። አዎ፣ የእኛ ሰው።

ኢልቱትሚሽ ሲሞት ጥቂት ቆይቶ ልጁ ራዚያ ነገሠች። ከ1236 እስከ 1240 ዴልሂን ገዛች። በዚያ ዘመን ሴት በዙፋን! መሸፈኛዋን ጥላ፣ ዝሆን ላይ ተቀምጣ በአደባባይ ትወጣ ነበር። ከሹማምንቷ መካከል ጀማሉዲን ያቁት የሚባል ሐበሻ ነበረ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ሐበሻነቱን በግልጽ መዝግቦታል። ሹመቱ የቤተ መንግሥቱ ፈረሶች አለቃ ነበር፤ በእኛ አጠራር ባልደራስ። በዘመኑ ፈረስ ማለት ጦር ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ሹመት ነበር። የቱርክ ዘር የነበሩት መኳንንት ይህን አልወደዱም። ሹመት የእኛ ብቻ ነው ይሉ ነበር። በ1240 አመፁ፤ ያቁት ተገደለ። ራዚያም ከዙፋኗ ወረደች፣ ያው ዓመት ሳያልቅ ተገደለች።

ስለ ሁለቱ ብዙ አሉባልታ ይወራል፣ ፍቅር ነበር ይባላል። እኔ አሉባልታውን ትቼዋለሁ። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከ800 ዓመት ገደማ በፊት ከእኛ አካባቢ የተነሣ ሰው፣ ምናልባትም በባርነት ባሕር የተሻገረ ሰው፣ የዴልሂ ሱልጣኔት ፈረሶች ሁሉ በእጁ ነበሩ። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? ልጆቻችንስ?

የራዚያ ነው የሚባለው መቃብር አሮጌው ዴልሂ ውስጥ፣ ቱርክማን በር አጠገብ ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ወሰደኝ። ጠባብ መንገድ ለመንገድ ሄደን፣ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ጣራ የሌለው ትንሽ ግቢ ደረስን። ሁለት ሻካራ መቃብሮች ጎን ለጎን። ሰፈሩ ልብስ አስጥቶ፣ ልጆች ኳስ እያንከባለሉ። ጊዜ ካጠራችሁ አትሂዱ፤ ለማግኘት ያደክማል። ኢልቱትሚሽ መቃብር ላይ ሆናችሁ ማሰቡ ይበቃል።

ሁለተኛው ቦታ የሁማዩን መካነ መቃብር ነው። ስሙኝ፦ ዴልሂ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ የማየት ዕድል ካላችሁ ይሄን እዩ። ቀይ ግንቡን አይደለም፣ ቁጥብ ሚናርን አይደለም። ይሄን።

ሁማዩን ህንድን ከገዛው የሙጋል ሥርወ መንግሥት ሁለተኛው ንጉሥ ነው። በ1556 ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። መቃብሩን ያሠራችው ሚስቱ ናት። አርክቴክቱን ከፋርስ አስመጣች። ሥራው በ1570 አካባቢ ተጠናቀቀ። በህንድ ምድር በእንዲህ ዓይነት አትክልት መካከል የተሠራ የመጀመሪያው ትልቅ መካነ መቃብር ነው። አትክልቱ በውሃ ቦይ አራት ቦታ ተከፍሏል፤ የገነት አራቱ ወንዞች ምሳሌ ነው ይባላል። ሕንፃው ቀይ የአሸዋ ድንጋይና ነጭ እብነ በረድ ነው። ጉልላቱን ስታዩ «ይሄን የት ነው የማውቀው?» ትላላችሁ። ታጅ ማሃልን ነው የምታስታውሱት። ይሄ የታጅ ማሃል ታላቅ እኅት ነው፤ በ80 ዓመት ገደማ ይቀድመዋል።

ውስጥ ግቡ። ከላይ ያለው የመቃብር ድንጋይ ለእይታ ነው፤ አስከሬኑ ከታች ነው። በየክፍሉና በየሰገነቱ ከ100 በላይ የቤተሰቡ መቃብሮች አሉ። አብዛኞቹ ስም የላቸውም። የነገሥታት ልጆች ናቸው፣ የማን ልጅ የት እንደተኛ አይታወቅም።

እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ነገር እንደተፈጸመ አስቡ። አንደኛው በ1857 ነው። ህንዶች በእንግሊዝ ላይ ተነሡ፤ አመፁ ተሸነፈ። የመጨረሻው ሙጋል ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዛፋር፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ከቀይ ግንብ ሸሽተው የተጠለሉት እዚህ ነው። ከአያት ቅድመ አያታቸው መቃብር ላይ ነው የተያዙት። ሁለተኛው በ1947 ነው። ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ሕዝብ ተፈናቀለ። እዚህ ሣር ላይ ድንኳን ተተክሎ ስደተኞች ኖረውበታል። ዛሬ አዲስ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት ሣር ነው።

ተፈናቅሎ ያደረ ወገን ያለን ሰዎች ነን። ይህን ግቢ ከቱሪስት በተለየ ዓይን ብናየው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

አትክልቱና ሕንፃው ለረጅም ዓመታት ተጎድቶ ነበር። የአጋ ካን የባህል ተቋም ከህንድ መንግሥት ጋር ሆኖ መጀመሪያ አትክልቱን፣ ቀጥሎ ሕንፃውን አስጠገነ፤ ሕንፃው በ2013 ተጠናቀቀ። ጠራቢዎች በእጅ መሣሪያ፣ በአባቶቻቸው ዘዴ ነው የሠሩት። ጣራው ላይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተከመረውን ሲሚንቶ አንስተው ወደ ኖራ መለሱት። ጎንደርንና ላሊበላን ሳስብ ይህ ያስቀናኛል። ቅርስ በጥድፊያ በሲሚንቶ አይጠገንም። ይህን ለማለት ሌላ መድረክ አለ፣ ልተወው።

ሰዓት ስንት ሆነ? ልቀጥል።

ሦስተኛው ቀይ ግንብ ነው፤ «ላል ቂላ» ይሉታል። ሻህ ጃሃን፣ ያው ታጅ ማሃልን ያሠራው፣ ዋና ከተማውን ከአግራ ወደ ዴልሂ ሲያዛውር ያሠራው ነው። በ1648 ተጠናቀቀ። ያን ጊዜ በእኛ አገር ማን ነበር? አፄ ፋሲል! ጎንደርን በ1636 አካባቢ ቆረቆሩ። ሁለት ነገሥታት፣ በአንድ ዘመን፣ አዲስ ከተማና ግንብ ያሠሩ ነበር።

ነገሩ በዘመን መገጣጠም ብቻ አያበቃም። የሻህ ጃሃን ልጅ አውራንግዜብ አባቱን አስሮ ሲነግሥ፣ አፄ ፋሲል ወደ ዴልሂ መልእክተኞች ላኩ። አዎ፣ ከጎንደር ዴልሂ! አንዱ ሙስሊም ነጋዴ፣ አንዱ ሙራድ የሚባል ክርስቲያን አርመናዊ ነጋዴ። ፈረሶች፣ ትልልቅ የዝሆን ጥርስ፣ በበሬ ቀንድ የተሞላ ዝባድ ይዘው ነበር። የሜዳ አህያም ነበረበት፤ እሱ መንገድ ላይ ሞቶ ቆዳው ብቻ ደረሰ። እውነቱን መደበቅ አይገባምና፣ ከስጦታው መካከል ባሪያዎችም ነበሩ። ህንድ ውስጥ ሱራት ወደብ ሲደርሱ ከተማዋ በ1664 ተዘረፈች፤ ብዙውን ንብረታቸውን አጡ። ተጎሳቁለው ዴልሂ ገቡ። ያኔ ዴልሂ ይኖር የነበረ በርኒዬ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አግኝቷቸው ጽፎታል። አውራንግዜብ ግን ተቀብሎ የክብር ልብስ አለበሳቸው።

እንግዲህ በላሆሪ በር ስትገቡ፣ ሱቆች ያሉበትን ጣራ ያለው መተላለፊያ አልፋችሁ ወደ ንጉሡ የአደባባይ አዳራሽ ስትደርሱ፣ እነዚያን ሰዎች አስቡ። ወራት የፈጀ የባሕርና የየብስ መንገድ። እኛ አዲስ አበባ እራት በልተን ጠዋት ዴልሂ ነን፣ ያውም በራሳችን አየር መንገድ።

ግንቡ ውስጥ ስትገቡ «ይሄ ብቻ ነው?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። የፒኮክ ዙፋን የሚባለውን በዕንቁ ያሸበረቀ ዙፋን የፋርሱ ናዲር ሻህ በ1739 ዘርፎ ወስዶታል። ከ1857 በኋላ ደግሞ እንግሊዞች አብዛኛውን የውስጥ ሕንፃ አፍርሰው የወታደር ሰፈር ሠሩበት። ያን ሽማግሌ ንጉሥ የከሰሱት በገዛ የእብነ በረድ አዳራሻቸው ውስጥ ነው። በርማ ውስጥ ወዳለችው ራንጉን ተግዘው በ1862 እዚያው ሞቱ። ስለዚህ ቀይ ግንብ ላይ የሚታየው የቀረው ብቻ ሳይሆን የጎደለውም ነው። ዛሬ በየዓመቱ ነሐሴ 15 የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ባንዲራ ሰቅለው ንግግር የሚያደርጉት ከዚህ ግንብ ላይ ነው። ለምን ከዚህ እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

ከግንቡ ወጥታችሁ ፊት ለፊት ቻንድኒ ቾክ ነው። የሻህ ጃሃን ልጅ ጃሃናራ ያስነደፈችው የገበያ ጎዳና ነው። በእግር ግቡ። በአንድ ጎዳና ላይ የጄይን ቤተ መቅደስ፣ የሲኮች ቤተ ጸሎት የሆነው ጉርድዋራ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ታያላችሁ። መጨረሻው ላይ ኻሪ ባኦሊ የቅመም ገበያ ነው። በርበሬው ገና ከሩቅ ያስነጥሳል። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ሄል፣ ቁንዶ በርበሬ በጆንያ። እናቶቼ፣ እዚያ ገብታችሁ ቶሎ የምትወጡ አይመስለኝም። ጃማ መስጊድም ቅርብ ነው፤ በ1656 የተጠናቀቀ፣ ግቢው 25,000 ሰው ይይዛል ይባላል። ጫማ ይወልቃል፣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፣ በሶላት ሰዓት ጎብኚ አይገባም።

የቀረውን በፍጥነት ልበል። ኢንዲያ ጌት 42 ሜትር የሆነ የእንግሊዝ ዘመን ቅስት ነው። ለእንግሊዝ ሲዋጉ የሞቱ የህንድ ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ ከ13,000 በላይ ስም ተቀርጾበታል። ማታ ሰው አይስክሬም ይዞ የሚናፈስበት ነው፤ በታክሲ ስታልፉ ይበቃል። የሎተስ ቤተ መቅደስ የባሃኢዎች ነው፣ ያምራል፣ ሰልፉ ግን ረጅም ነው። አክሻርድሃም ትልቅ ነው፤ ስልክ አያስገቡም። ሦስቱንም ብትተዉ አይቆጫችሁ።

የማይተወው ሌላ ነው። ባንግላ ሳሂብ የሚባለው የሲኮች ጉርድዋራ። የወርቅ ጉልላት አለው፣ ሰፊ የውሃ ገንዳ አለው። ራስ ይሸፈናል፣ ጫማ ይወልቃል፣ እግር ይታጠባል። ውስጥ በየቀኑ ለመጣው ሁሉ ምግብ በነፃ ይቀርባል። ሃይማኖትህ ምንድን ነው፣ ከየት ነህ የሚል የለም። ሀብታሙም ለማኙም መሬት ላይ በአንድ ረድፍ ይቀመጣል።

ከእኛ ጋር ልጃቸውን ሊያሳክሙ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ሕፃኑ ሆስፒታል ተኝቶ እሳቸው ምግብ አልገባ ብሏቸው ነበር። አብረን ወሰድናቸው። ዐቢይ ጾም ነበር። ምስሩ ሲቀርብ «ልጄ፣ ቅቤ አለበት?» አሉኝ። ጠየቅኩ፤ አለበት አሉን። ቂጣውን በጨው በሉ። ከዚያ ተነሥተው ሴቶቹ ቂጣ ወደሚዳምጡበት ወጥ ቤት ሄዱ። ቋንቋ የለም፣ ምልክት ብቻ። አንዷ ሴትዮ ቦታ ለቀቀችላቸው። እጃቸውን ታጥበው ሊጥ ሲያድቦለቡሉ ቆዩ። ስንመለስ በመንገድ ሙሉ አወሩን፤ ስለ ሰፈራቸው፣ ስለ እናታቸው እንጀራ። ከመጣን ጀምሮ እንደዚያ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። በማግሥቱም ልሂድ አሉ፤ ቀጠሮ እስከሌለ ድረስ እየሄዱ ይሠሩ ነበር።

ይህ ከሐውልት ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ከተማ ግንብ ብቻ አይደለም፤ ለዚህ ነው ያነሳሁት።

ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ደግሞ ጋንዲ ስምሪቲ ሂዱ። ማኅተመ ጋንዲ የመጨረሻ ቀኖቻቸውን የኖሩበት፣ በጥር 30 ቀን 1948 የተገደሉበት ቤት ነው። ከክፍላቸው ተነሥተው ወደ ጸሎት የሄዱበት መንገድ በእግር ዱካ ቅርጽ ተመልክቷል። ዱካው የሚቆምበት ቦታ ላይ እናንተም ትቆማላችሁ። መግቢያው ነፃ ነው። አስከሬናቸው የተቃጠለበት ራጅ ጋትን ብዙ ሰው ያየዋል፤ እኔ ግን ቤቱን እመርጣለሁ።

ሦስተኛው ነጥቤ ጥቃቅኑ ነው። አጭር ነው።

ሰኞ ተጠንቀቁ! ቀይ ግንብ ሰኞ ዝግ ነው። ጋንዲ ስምሪቲም፣ ሎተስም፣ አክሻርድሃምም ሰኞ ዝግ ናቸው። ቁጥብ ሚናርና ሁማዩን ግን ክፍት ናቸው፤ ሰኞን ለነሱ አድርጉ። የትኬት ዋጋ ለውጭ ዜጋ ከህንዳዊ ብዙ እጥፍ ነው፤ አትቆጡ፣ ሕጋቸው ነው። ፓስፖርታችሁን ወይም ቅጂውን ያዙ።

መጓጓዣ? ሜትሮ። እኔ ስማር ሜትሮ አልነበረም፤ በ2002 መጨረሻ ነው የተከፈተው። ዛሬ ንጹሕ ነው፣ ርካሽ ነው፣ የሚወርዱበት ጣቢያ በእንግሊዝኛ ይነገራል። ቢጫው መስመር «ቁጥብ ሚናር» የሚባል ጣቢያ አለው፤ ከዚያ በባጃጅ ትንሽ ነው። ቀይ ግንብ ደግሞ በሐምራዊው መስመር «ላል ቂላ» ጣቢያ ነው። እኅቶቼ፣ የመጀመሪያው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ ነው፤ እሱን ተጠቀሙ።

ባጃጅ ስትይዙ ሹፌሩ «ዛሬ ቀይ ግንብ ተዘግቷል፣ ሌላ ቦታ ልውሰዳችሁ» ካላችሁ አትስሙት። ወደ ሱቅ ነው የሚወስዳችሁ። በትህትና «ግድ የለም፣ በሩ ላይ አውርደን» በሉት። እኛን አንድ ቀን እንዲህ ብሎን በሩ ላይ ስንደርስ ሰዉ ተሰልፎ ትኬት ይቆርጥ ነበር።

ወቅቱን መምረጥ ከቻላችሁ የካቲትና መጋቢት ጥሩ ናቸው። ግንቦትና ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ለታማሚም ለአስታማሚም ከባድ ነው። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር አየሩ በጭስ ይበከላል። አስም ያለበት ሰው ይዛችሁ ከሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፣ ማስክ ያዙ። የታሸገ ውሃ ብቻ ጠጡ፤ ክዳኑ እንዳልተከፈተ እዩ።

ታጅ ማሃልስ? ይህን ሳትጠይቁኝ እንደማልወጣ አውቃለሁ። ታጅ ማሃል ዴልሂ አይደለም። አግራ ነው፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ዓርብ ዝግ ነው። ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ ጠዋት ማልዶ የሚነሣ ፈጣን ባቡር አለ። ከዴልሂ ውጭ የሚተርፍ ሙሉ ቀን ካላችሁ ሂዱ፣ ደስ ይላችኋል። ያላችሁ አንድ ነፃ ቀን ብቻ ከሆነ ግን በመንገድ አትጨርሱት። ጠዋት ቁጥብ፣ ከሰዓት ሁማዩን። ይሄው ነው መልሴ።

የሜትሮ ጣቢያዎቹን ስምና የሚዘጉባቸውን ቀኖች አንድ ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ፤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ አንድ አንድ ውሰዱ። በቅርቡ ታማሚ ይዛችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ ከስብሰባው በኋላ እዚሁ ነኝ፣ ስለ ማረፊያውም ስለ ቪዛውም የማውቀውን እነግራችኋለሁ። እግዚአብሔር ታማሞቻችንን ይማርልን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ እንቀበል፤ እሺ፣ እዚያ ጋ እጃቸውን ያወጡት እናት።